ሄሊኮፕተር እያለ ለምን በእግር ወጡ? (የናንጋ ፓርባቱ ማዳን)

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊት ሥራ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ሳነብ ነው ይሄ ታሪክ ውስጥ የገባሁት። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2018 ነው። ፈረንሳዊቷ ኤሊዛቤት ሬቮልና ፖላንዳዊው ቶማሽ ማትስኬቪች ፓኪስታን ያለውን ናንጋ ፓርባት፣ 8,126 ሜትር፣ በክረምት ወጡት። ክረምት ስል የእኛን የዝናቡን አይደለም፤ የነሱን፣ ውርጩን። 25ኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጫፍ ደረሱ። እዚያው ሰውዬው ማየት አቃተው። እሷ በጨለማ እየደገፈች እስከ 7,280 ሜትር ገደማ አወረደችውና የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ አደሩ። ሲነጋ እሱ መንቀሳቀስ አይችልም። በሳተላይት መልእክት እርዳታ ጠይቃ ነበር፤ አንቺ ወደ 6,000 ገደማ ውረጂ፣ ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ እሱንም ያነሱታል ተባለች። ትታው ወረደች። ሄሊኮፕተሩ ግን በዚያን ቀን አልመጣም። ያለ ድንኳን፣ ያለ መኝታ ከረጢት ሌላ ሌሊት አደረች።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ነው። በማግስቱ ሄሊኮፕተር መጥቷል። ግን 4,800 ሜትር አካባቢ ሰዎች አራግፎ ተመለሰ። ሰዎቹ በሌሊት በእግራቸው ወጡ። ለምን እሷ ጋ ድረስ አልሄደም? አብራሪው ፈርቶ ነው ወይስ ጭራሽ አይቻልም?

ብሎን አጥባቂ፦

ወዳጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሄሊኮፕተር ጥገና ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አብራሪውን ልከላከልለት።

ሄሊኮፕተር አየሩን ወደ ታች እየገፋ ነው የሚቆመው፤ እንደ መቅዘፊያ አስበው። መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ ይይዝልሃል። ውሃው አረፋ ቢሆን ብትቀዝፍ ብትቀዝፍ የሚይዝልህ የለም። 6,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በግማሽ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፎቹ የሚገፉት ያጣሉ። ሞተሩም ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሰው፣ እሱም ይደክማል። ሁለቱ ባንድ ላይ ይመጡብሃል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው፣ ከፍ ብሎ መብረርና አየር ላይ ቆሞ ሰው ማንሳት አንድ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ዣን ቡሌ የሚባል ፈረንሳዊ ላማ በምትባል ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ወጥቷል። አዎ፣ ከኤቨረስት በላይ! ግን ማሽኗን አራቁቶ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ፈቶ አውጥቶ ነው። እዚያም ላይ ሞተሩ ጠፋበትና ያለ ሞተር ነው ያረፈው። ወደ ፊት ስትበር ንፋሱ ራሱ ያግዝሃል። ስትቆም ግን ሸክሙ በሙሉ ሞተሩ ላይ ነው። በዚያ ላይ ገደል ጥግ፣ ንፋስ እያላተመህ፣ አንድ ሰው ክብደት ስትጨምርበት አስበው።

ይህን ስል ተደርጎ አያውቅም ማለቴ አይደለም። እዚያው ናንጋ ፓርባት ላይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2005 የስሎቬኒያው ቶማዥ ሁማር ስድስት ቀን ያህል ገደሉ ላይ ተጣብቆ ቆይቶ፣ የፓኪስታን ጦር አብራሪዎች በላማ ወደ 6,000 ሜትር ወጥተው በገመድ ስበው አወጡት። ከበረዶው ጋር የታሰረበት ገመድ ሳይፈታ ነው የተነሱት። ገመዱ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና ተበጠሰ። ባይበጠስ ሁሉም ባንድ ላይ ነበር የሚሄዱት። እኔ ይህን ሳነብ እጄን ያልበኛል። ደግሞ ያ በኦገስት ነው፣ በበጋቸው።

ቀጥተኛው፦

እኔ የማይገባኝ ማን ውጡ አላቸው? ራሳቸው ወጥተው ሌላውን ሰው ደግሞ ሞት ውስጥ ይከታሉ። መዋጮውስ?

ብሎን አጥባቂ፦

መዋጮው እውነት ነው። ሄሊኮፕተሩ ገንዘቡ ሳይረጋገጥ አይነሳም ስለተባለ ሰዉ በኢንተርኔት አዋጣ። የቀረውን ግን የወጡትን ሰዎች ጠይቃቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ፖላንዶቹ በዚያው ወቅት ኬ2 የሚባለውን ተራራ በክረምት ሊወጡ ሰፍረው ነበር፣ በቀጥታ ሲለካ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ። የራሳቸውን ጉዞ አቁመው አራት ሰው ላኩ። የሌሊት ፈረቃ፣ ያንተ ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ ነው። ከከተማ የተነሳ ጎበዝ ቢላክ 5,000 ሜትር ላይ ራሱ ታማሚ ይሆናል። እነዚህ ግን ከፍታውን የለመዱ ነበሩ። ሁለቱ፣ አዳም ቢዬሌትስኪና ዴኒስ ኡሩብኮ፣ በጨለማ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጡ፣ የፈጀባቸው ስምንት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ያ ፍጥነት ቀን ላይም ያስደንቃል። እሷም አልጠበቀችም፣ በራሷ መውረድ ጀምራ ነበር። 6,000 አካባቢ ተገናኙ፣ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር።

ነርሷ፦

ጋሼ ብሎን አጥባቂ ማሽኑን ጨረሱት፣ እኔ ሰውነቱን ልጨምር።

ሬቮል ራሷ በኋላ ተናግራዋለች። ብቻዋን እያለች ሰዎች ትኩስ ሻይ ሲያመጡላት ታያት። አንዷ በምትኩ ጫማሽን ስጪኝ አለቻት። ምስጋና ይሁን ብላ አውልቃ ሰጠቻት። ሴትየዋም ሻዩም የሉም። ጫማው ግን የምሩን ወልቋል። ግራ እግሯን ውርጩ ያገኘው ያኔ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ፣ ጥማትና ድካም ሲደራረብ አእምሮ እንዲህ ይሆናል። እብደት አይደለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ውርጭ የመታውን ጣት አትሹት! በበረዶ ማሸት የሚባለውም ስህተት ነው፣ የቀዘቀዘውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። ተመልሶ የሚበርድ ከሆነ ደግሞ አታሙቁት። ሞቆ እንደገና ከቀዘቀዘ ጉዳቱ ይከፋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ፣ ያውም አስተማማኝ ቦታ ከደረሱ በኋላ።

የሌሊት ፈረቃ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ አንዷ ነገር ቀረችኝ። እሷን ካገኙ በኋላ ለምን ወደ እሱ አልቀጠሉም? 1,200 ሜትር ነው የቀረው።

ብሎን አጥባቂ፦

አልቻሉም ልጄ። እጇ ገመድ መያዝ አይችልም። ብቻዋን ብትቀር አትወርድም። የአየር ሁኔታውም እየተበላሸ ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፣ ማዳን የሚችሏትን መረጡ። መሃላቸው አስቀምጠዋት እስኪነጋጋ ጠበቁ፤ ከዚያ በገመድ እየለቀቁ አወረዷት። ሄሊኮፕተሩ ያነሳት እዚያው ታች፣ ያራገፋቸው ቦታ ላይ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ለቶማሽ እኮ ያ ተራራ በክረምት ሰባተኛ ሙከራው ነበር። ስድስት ጊዜ ተመልሷል።