ኔጌቲቭ ፊድባክ ሲቀነስ ድምፁ ለምን ይለወጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች። ሞዴለሬ (የጊታር አምፕ ድምፅ የሚያስመስለው ዲጂታል መሣሪያ) ላይ «ኔጌቲቭ ፊድባክ» የሚል ማስተካከያ አለ። ዝቅ ሳደርገው ድምፁ ይከፈታል፣ ቤዙ ግን ይላላል። ከፍ ሳደርገው ጥብቅ ይላል፣ ዲስቶርሽኑም ድንገት ነው የሚመጣው። በትክክል ምኑን ነው የሚነካው?

መልስ፦
አምፑን ከስፒከሩ ጋር ከሚያገናኘው አውትፑት ትራንስፎርመር የሚወጣው ሲግናል ጥቂቱ በተቃራኒ ፌዝ (ተገልብጦ) ወደ ፌዝ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ፓወር ቲዩቦቹን ወደሚነዳው ክፍል ይመለሳል። ስለዚህ ጌይን (የማጉላት መጠኑ) ይቀንሳል፣ ድምፁ ይጠራል፣ ስፒከሩም እንደፈለገ እንዳይወዛወዝ ይያዛል። ይህ የሚሠራው ግን ፓወር ቲዩቦቹ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡት) አቅም እስካላቸው ብቻ ነው፤ አቅማቸው ሲያልቅ እርማቱም አብሮ ይጠፋና ድምፁ ባንዴ ይሰበራል። ቮክስ ኤሲ30 የሚባለው አምፕ ይህ የፊድባክ ዙር የለውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሻክረው። ለብሉዝ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ሌላ መልስ፦
ስፒከሩንም አትርሳ። ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) በቤዝ ሬዞናንሱ፣ ማለትም ስፒከሩ በራሱ በቀላሉ በሚወዛወዝበት ወፍራም ድምፅ አካባቢ ያብጣል፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅም ሲሄድ ይጨምራል። ፊድባክ ሲቀንስ አምፑ ያንን ኩርባ ይከተላል፣ ቤዝና ትሬብሉ የሚጎላውም ለዚህ ነው። የስፒከር ኩርባውን ሳታይ ፊድባኩን ብቻ ብትነካካ ግማሹን ነው የሠራኸው። ፕሬዘንስ የሚባለው ማስተካከያም ብዙ ጊዜ እዚሁ ዙር ውስጥ ነው፤ ከፍ ሲል ቀጭኑ ድምፅ ላይ ፊድባኩን ይቀንሳል።

ጠያቂው፦
አሁን ገባኝ፣ ተባረኩ! እውነተኛው አምፕ ላይ መጠኑን የሚወስነው ምንድን ነው?

መልስ፦
በፊድባኩ መንገድ ላይ ያለው ሬዚስተርና ሽቦው የተያያዘበት ታፕ (የትራንስፎርመሩ የስፒከር መውጫ)። ማርሻል አምፖች ላይ 47 ወይም 100 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው፤ ትልቁ ፊድባኩን ይቀንሳል። ያው ሬዚስተር ከ16 ኦም ታፕ ሲነሳ ከ4 ኦሙ እጥፍ ቮልቴጅ ይመልሳል።