ልብ አንጠልጣይ ፊልም ድሬ ላይ፦ ምኑን፣ የት፣ በምን እንየው? (ጥቆማ)

ሰሞኑን «ጥሩ የወንጀል ወይም የፖለቲካ ሴራ ፊልም ጠቁመን፤ ድሬ ላይስ በምን መንገድ ብናየው ይሻላል?» ያላችሁኝ በርከት ስላላችሁ አንድ ላይ ልመልስ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቦ፣ ከፊልሙ ስም በፊት የምታዩበትን መንገድ ምረጡ። ኮሜዲ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ቡና እየተቆላም ይታያል። የወንጀል ፊልም ግን የሚሠራው በዝምታ፣ በጨለማ፣ ደግሞም ተመልካቹ ምን ምን እንዲያውቅ እንደተፈቀደለት በመመጠን ነው። ይህ ከተነካ የሚተርፈው ሩጫና ተኩስ ብቻ ነው።

በአማርኛ የተተረኩትን ልጀምር። ቪዲዮ ቤትም ዩቲዩብም ላይ በቀላሉ የሚገኙት እነሱ ናቸው። ተራኪዎቹን አከብራለሁ፤ እናቴ ሰብታይትል አታነብም፣ ስንቱን ፊልም ያየችው በነሱ አንደበት ነው። ለድብድብ ፊልም ይሁን፣ ለዚህ ዘርፍ ግን አልመክርም። ምክንያቴን በሁለት ፊልም ላሳያችሁ።

አንዱ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» (1974) ነው። እየተከተለ የሰው ወሬ የሚቀዳ ባለሙያ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴትን ጨዋታ ይቀዳና ቴፑን እየመለሰ ያዳምጣል። ፊልሙ የተንጠለጠለው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ድምፁ የትኛው ቃል ላይ እንደከበደ ሲለወጥ ትርጉሙ ይገለበጣል። እኛ «አለ» የምንለው ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚሆነው አስቡት። ተራኪ በራሱ ድምፅ አንድ ጊዜ ተርጉሞ ካለፈው ምስጢሩ ወይ ይጠፋል ወይ ያለ ጊዜው ይወጣል። በኦሪጅናሉ፣ በጆሮ ማዳመጫ እዩት። ስልክ ላይ እዩ የምለው ይህን አንዱን ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር ድምፁ ስለሆነ።

ሌላው የጁልስ ዳሲን «ሪፊፊ» (1955)። አራት ሰዎች ፓሪስ ውስጥ የጌጣጌጥ መደብር ይዘርፋሉ። ዘረፋው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ንግግር፣ አንድም ሙዚቃ የለም። ከመደብሩ በላይ ያለውን ቤት ወለል ቀስ እያሉ ይሰረስሩታል። ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ሲከፈት የታጠፈ ጃንጥላ በዚያ ቁልቁል ያሾልኩና ከታች በኩል ይዘረጉታል። የሚረግፈው ኖራ ወለሉ ላይ ወድቆ ድምፅ እንዳያሰማ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ማስጠንቀቂያ ደወሉን ደግሞ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ሞልተው ያፍኑታል። ቤታችን ስናየው ታናሽ ወንድሜን ሳል ይዞት ነበር፤ ትራስ አፉ ላይ ጭኖ ነው የሳለው። ሌቦቹ እንዳይሰሙበት ነው! ተራኪ ቢኖር ኖሮ «አሁን ጃንጥላውን አስገባ» እያለ ሞልቶት ነበር፤ ሥራው መናገር ነውና ዝም ማለት አይሆንለትም።

ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ተመልካቹ የሚያውቀውን መመጠን ምን እንደሚያደርግ በቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ያገኛል። ቦምቡን አስቀድሞ ካሳየኸው ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ሰውዬ በኋላ እንደምናየው ገዳይ ነው» የሚል ተራኪ ሲገጥማችሁ ያን ልኬት ነው ያፈረሰባችሁ።

ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ቤቶች ከዚራም መጋላም አሉ። ስታወዳድሯቸው ዋጋውን ተዉትና የፋይሉን መጠን ጠይቁ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም በ700 ሜጋባይት ከሰጧችሁ ጨለማው ካሬ ካሬ እየሆነ ይበጣጠሳል። ሁለት ጋዜጠኞች የፕሬዚዳንት ኒክሰንን የዋተርጌት ቅሌት ሲያጋልጡ የሚያሳየውን «ኦል ዘ ፕሬዚደንትስ ሜን»ን (1976) መጀመሪያ ያየሁት እንዲያ ነው። ካሜራውን የያዘው ጎርደን ዊሊስ ነው፤ የጋዜጣውን ዝግጅት ክፍል ጥላ እንኳ እስኪጠፋ በነጭ መብራት አጥለቅልቆታል፣ ምስጢር አቀባዩ የሚቆምበትን የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ግን የፊቱ ጠርዝ ብቻ እስኪቀር አጨልሞታል። ነገሩ ያለው ከዚያ ብርሃን ወደዚያ ጨለማ በመመላለሱ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ቅጂ ላይ ሰውየው ጨርሶ የለም፤ ከጥቁር ካሬዎች መሃል ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። ከ2 ጊጋባይት ያላነሰ ቅጂ ስታገኙ እዩት። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ደግሞ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበልም፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ይህንኑ ፎርማት ስለሆነ፣ ያላችሁ ይህን አስቡ።

ሌላም ጥንቃቄ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት የጫነልኝ ፊልም መርማሪው በሩን ሲያንኳኳ ተቆረጠ፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ አልተገለበጠም። የፍቅር ፊልም ቢሆን በግምት እጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ሳልወጣ ፋይሉን ከፍቼ ወደ መጨረሻው ደቂቃ ሳላሻግር ብር አልከፍልም።

የፖለቲካውን ዘርፍ በየት ልጀምር ላላችሁ፣ በፍሬድ ዚነማን «ዘ ዴይ ኦቭ ዘ ጃካል» ጀምሩ። የ1973ቱን ብላችሁ ጠይቁ፤ በ1997 የተሠራ ሌላ «ጃካል» አለ፣ የ2024 ተከታታይ ድራማም አለ፣ ሻጮቹ ይደባልቁታል። ቅጥረኛ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ሊገድል ይዘጋጃል። ደጎል በሰው እጅ እንዳልሞተ፣ በ1970 ቤቱ እንዳረፈ ማንም ያውቃል። «ይገድለው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ሆኖም ትንፋሽ ያሳጥራል። ፊልሙ ጥያቄውን ወደ «እንዴት?» አዙሮታል፦ የሐሰት ፓስፖርቱ፣ ተገጣጣሚው ጠመንጃ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከኋላ የሚከተለው ትዕግሥተኛ መርማሪ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየቆረጠ ሲያቀራርባቸው ሳናውቀው ለገዳዩም እንሰጋለን።

ይህን ያየሁት ምድር ባቡር ሲሠራ ከኖረው፣ ሰማንያ ከተጠጋው አጎቴ ጋር ነው። ደጎል በ1966 ጅቡቲ ሲገባ ሕዝቡ በተቃውሞ እንደተቀበለው ያስታውሳል፤ ስለዚህ ለሱ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ሩቅ ሰው አይደለም።

በአጎቴ ምክንያት ነው «ዜድ»ን (1969) ደጋግሜ ያየሁት። ንግግሩ ፈረንሳይኛ ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ምድር ባቡር ሲሠሩ ፈረንሳይኛ የለመዱ፣ ያለ ሰብታይትል የሚከተሉት አባቶች አሁንም አሉን፤ አንዱን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ኮስታ ጋቭራስ የሠራው በ1963 ተሰሎንቄ ላይ ስለተገደለው የግሪክ ምክር ቤት አባል ላምብራኪስ ነው። ግሪክ ከ1967 ጀምሮ በወታደሮች እጅ ስለነበረች የተቀረፀው አልጀርስ ነው። ሌሎች ፊልሞች «ከእውነተኛ ሰው ጋር ቢመሳሰል በአጋጣሚ ነው» ይላሉ፤ ይህኛው መግቢያው ላይ መመሳሰሉ ሆን ተብሎ ነው ይላል። ግድያው ቶሎ ያልቃል። የቀረው አንድ መርማሪ ዳኛ «አደጋ ነው» የተባለውን ነገር ምስክር በምስክር ሲፈታው ነው፤ ያው ትዕይንት በሌላ ሰው ዓይን ተመልሶ ሲመጣ ትርጉሙ ይለወጣል። ማብቂያው ላይ ወታደሮቹ የከለከሏቸው ነገሮች ይዘረዘራሉ። አጎቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ እያንዳንዱን ፊልሙ ላይ ከሚያነበው ድምፅ ጋር ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሲጨርስ «መልሰው» አለኝ። እንዲህ ያሉ የፈረንሳይኛ ፊልሞችን ለምትፈልጉ፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የፊልም ምሽት መኖሩን ጠይቁ፤ ጸጥ ብሎ ከሚያይ ሰው ጋር ማየት ለዚህ ዘርፍ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮጀክተር ተከራይታችሁ ግቢ ውስጥ ለምታዩ፣ «ጃካል» በብዛት የቀን ብርሃን ስለሆነ ያምራል። የጨለማ ፊልም ግን የጎረቤት አምፖል እንኳ ያጥበዋል፤ እሱን ቤት ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግታችሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጁ ሲቀንስ።

ሰብታይትል ለማያነብ ቤተሰብ በአማርኛ የተሠራው «ድፍረት» (2014) አለላችሁ፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ ነው። በ1996 ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተነሣ ነው፦ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ጠበቃዋ ፍርድ ቤት ትከራከርላታለች። እዚህም ማን ገደለ የሚል ጥያቄ የለም፤ ሕጉ ልጅቷን ያያት ይሆን ወይ ነው የሚያስጨንቀው። እናቴ ያለ ተራኪ አየችው። ጠበቃዋ ስትናገር እጇን ወደኛ ዘርግታ ዝም በሉ አለችን፤ እኛ ግን አንድም ቃል አልተናገርንም ነበር።