ክርክር፦ ከማርኩ ግማሹ በግሩፕ ሥራ ይያዝ?

አወያይ፦ ጀመዓ፣ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ 400 ተማሪ ብቻ የሚቀበል፣ ታሪኩንም ሒሳቡንም ሳይንሱንም አጣምሮ የሚያስተምር አነስተኛ የሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ እንበል። አንድ ክፍል ከ24 ተማሪ አይበልጥም። ከ100 ማርክ 50ው በጋራ ሥራ ይያዝ ወይስ አይያዝ? ስድብ የለም፣ ከርዕሱ መውጣት የለም።

ሸዋ በር፦ አይያዝ። የግሩፕ አሳይመንት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፦ ሽፋኑ ላይ አምስት ስም፣ ላፕቶፑ ላይ አንድ ሰው። አንዱ መግቢያውን ከኢንተርኔት ገልብጦ ያመጣል፣ ሌላው መደምደሚያውን፣ ጎበዟ ትገጣጥመዋለች፣ አንዱ ፕሪንት ያስደርጋል፣ የቀረው "ብሩን እኔ አዋጣለሁ" ይላል። ሁሉም 18 ከ20። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የገመድ ጉተታ ውጤት ይህንኑ ነው የሚያሳየው፦ 8 ሰው አብሮ ሲጎትት እያንዳንዱ ብቻውን ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ብቻ አወጣ። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶውን ማምጣት ያለበት እያንዳንዱ ብቻውን ተቀምጦ ነው፤ ግሩፑ እዚያ አይከተለውም።

ገንደ ቆሬ፦ አቦ ሸዋ በር፣ በሽታውን አግኝተኸዋል፣ መድኃኒቱን ስተሃል። ሪንግልማንን ጀምረህ አልጨረስከውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሙከራው ሲደገም ጉድለቱ ሁለት ሆኖ ተገኘ፦ ከፊሉ በአንድ ቅጽበት አብሮ ካለመሳብ፣ ከፊሉ ደግሞ "እኔ ባልስብ ማን ያውቃል" ከማለት። ድርሻው ለብቻው እንደሚታይ ያወቀ ሰው ይጎትታል። ጥፋቱ እንግዲህ የአሳይመንቱ ነው፦ ተቆራርጦ የሚከፋፈል ሥራ ሰጥተህ ለምን ቆራረጡት ማለት አይቻልም።

መድኃኒቱ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ በጋራ። 10 ምርጫ ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሠርቶ ወረቀቱን ያስረክባል። ወዲያው ያንኑ ጥያቄ አራት አራት ሆነው ይሠሩታል፣ ሌላ 20 ደቂቃ። በመጀመሪያ ሙከራ ያገኙት 4 ነጥብ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 1። መልሱ የሚፋቅ ካርድ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከሌለም የመልሱን ወረቀት በፕላስተር ቁራጭ ሸፍነህ መስጠት ይበቃል። ዋናው ነገር መልሱ እዚያው መታየቱ ነው። ለሳምንት ካቆየኸው ክርክሩ ይቀዘቅዛል፣ ማን ለምን እንደተሳሳተ ማንም አያስታውስም።

ለጥያቄው ክብደትም ሚዛን አለ። የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 ሃርቫርድ ላይ በጀመረው አካሄድ፣ ለብቻ ሲመልሱ ያገኙት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ አታወያያቸው፣ እንደገና አስተምር፤ ከ70 በላይ ከሆኑ እለፈው። ውይይት የሚያተርፈው መሃሉ ላይ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦ ከገንደ ቆሬ ጋር ነኝ፣ ግን ሁሉም ክፍል ውስጥ ይለቅ! ከክፍል ውጭ "ተገናኝታችሁ ሥሩ" ከተባለ እኛ ከተማ መገናኛው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በርጫ ነው። የማይቅሙት፣ ቤተሰብ ጋር የሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ እዚያ የሉም። ሥራው በርጫ ላይ ተከፋፍሎ ያልቅና የእነሱ ድርሻ ታይፕ ማድረግ ይሆናል። ይሄን የትኛውም የውጭ መጽሐፍ አይነግርህም።

ሸዋ በር፦ እሺ፣ ፈተናው ላይ ይሁንላችሁ። ሰፊ ርዕስስ? ታሪክ፣ ማኅበረሰብ፣ አካባቢ? እዚያ ተመልሳችሁ ኮፒ ፔስት ውስጥ ትገባላችሁ።

ገንደ ቆሬ፦ ለሰፊ ርዕስ ጂግሶ አለልህ፣ እያንዳንዱ የርዕሱን አንድ ቁራጭ ይዞ ለጓደኞቹ የሚያስተምርበት ዘዴ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ የጀመረው። እዚሁ ደጃችን ያለውን እንውሰድ፦ የሐረማያ ሐይቅ ለምን ደርቆ ነበር? አራት ወረቀት ታዘጋጃለህ፣ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ። አንዱ ከተሞቹ ለመጠጥ የሳቡት ውሃ፤ አንዱ የጫትና የአትክልት መስኖ ፓምፕ፤ አንዱ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል፤ አራተኛው ሐረር ከዚያ በኋላ ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች እንዴት እንዳስመጣች። 24 ተማሪ ማለት አራት አራት ሰው ያላቸው 6 ቡድኖች ናቸው። ከየቡድኑ አንድ ሰው አንድ ወረቀት ይይዛል። 10 ደቂቃ ለብቻ ያነባል፤ ከዚያ ያንኑ ወረቀት የያዙት 6 ሰዎች 20 ደቂቃ ይቀመጣሉ። 6 ይበዛል፣ ለሦስት ሦስት ክፈላቸው። ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ለ25 ደቂቃ እርስ በርስ ያስተምራሉ። በመጨረሻ 15 ደቂቃ የግል ፈተና፣ ጥያቄው ግን ካላነበባቸው ሦስት ወረቀቶች ብቻ። ደለሉን ያነበበው ስለ ፓምፕ ይጠየቃል። ጓደኛው ካላስተማረው ወይም እሱ ካላዳመጠ እዚያው ይታያል፣ ማርኩም የግሉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ውይይቱ በኦሮምኛም በሶማልኛም በአማርኛም ይሁን፣ እንግሊዝኛው ለሚያስረክቡት ጽሑፍ ይቆይ። እንግሊዝኛ ብቻ ካልክ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሸዋ በር፦ ይሄ እኮ የግል ማርክ ነው! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ባለ ደለሉ የቀረ ቀንስ?

ገንደ ቆሬ፦ ያ የጂግሶ ትልቁ ቀዳዳ ነው፣ አልክድም። አራተኛው ቁራጭ ከሌለ ቡድኑ ይጎድላል። ትርፍ ኮፒ ይዘህ ገብተህ ከጎን ቡድን ባለ ደለሉን ለ5 ደቂቃ መዋስ ነው። አምስት ሰው ከሆኑ ደግሞ ሁለቱ አንድ ወረቀት ይጋሩ።

ቶርኖ፦ ሁለታችሁም ወረቀት ላይ ናችሁ። "ፈጠራ" የሚባለው የሴሚስተር ፕሮጀክት ላይ ነው ጣጣው። እዚያ የጋራ ማርክ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው አንድ ነው። ማርኩ ግን በጓደኛ ምዘና ይባዛ። አራት ሰው ካለ እያንዳንዱ ለሦስቱ ጓደኞቹ 30 ነጥብ ያከፋፍላል፣ ለሁሉም 10፣ 10፣ 10 መስጠት ክልክል። ፕሮጀክቱ 16 ከ20 አገኘ እንበል። ከሦስቱ ተደምሮ 33 የደረሰው በ1.1 ተባዝቶ 17.6 ይወስዳል። 18 የደረሰው በ0.6፣ 9.6 ብቻ። በመሃልና በመጨረሻ ሁለቴ ይደረግ፤ የመሃሉ ማርክ የለውም፣ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሸዋ በር፦ ሦስት የዶርም ልጆች ተማምለው አራተኛውን ቢቀጡትስ? የአገር ልጅ፣ የሃይማኖት፣ የቋንቋ ነገር አለ። እዚህ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቶርኖ፦ ለዚህ ነው ቡድኑን መምህሩ የሚመድበው፣ ማባዣውም ከ0.7 እንዳይወርድ ከ1.1 እንዳይወጣ የሚደረገው፤ ያ 9.6 ያልኩት 11.2 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ የቃል ፈተና፦ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ ግን ሌላው ስለሠራው ክፍል። በያጁ ስለ ሽቦው፣ ሽቦ ዘርጊዋ ስለ ብየዳው ትጠየቃለች። የተቀጣው ልጅ ሁሉን አውቆ ከመለሰ ነጥቡ ይስተካከላል። 24 ተማሪ በ5 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ነው፣ ይቻላል። 60 ተማሪ ላይ አምስት ሰዓት ነው፤ መምህሩ አያደርገውም፣ አድርግ ብትለውም ያስመስላል። ስለዚህ 24 ወደ 50 ባደገ ቀን ይሄ ሁሉ ይቅር።

የከሸፈ ሙከራ ማርክ ይኑረው ደግሞ። ካልሆነ ቡድኑ እንደሚሠራ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚሠራው። በየሳምንቱ አንድ ገጽ፦ ምን ሞከርን፣ ምን ተበላሸ፣ ለምን።

ደቻቱ ማዶ፦ ቶርኖ፣ የቡድን አለቃው ነገርስ? የአንድ ለአምስት ጠረን እንዳይመጣ።

ቶርኖ፦ ቋሚ አለቃ የለም። ጸሐፊውና ሰዓት ጠባቂው በየሳምንቱ ይዟዟራሉ፣ በቃ።

ሸዋ በር፦ እንግዲህ ድምፄን ላስተካክል። ለፕሮጀክት ኮርስ 40 ድረስ እሄዳለሁ፣ በማባዣውና በቃል ፈተናው። ለአንደኛ ዓመት ሒሳብ ግን ከ10 አታሳልፉ፤ እዚያ እጅ ካልለመደ አፍ አይረዳም።

ገንደ ቆሬ፦ ሒሳብ ላይ 15 በል፣ እንጨርስ።

ሸዋ በር፦ 10።