የአሜሪካ የኬብልና የሚዲያ ኩባንያዎች ለምን ይዋሃዳሉ? ለምንስ ተመልሰው ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ ተመራማሪው

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካ የሚዲያ ኩባንያዎች ባለቤትነት የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ የታይም ዋርነርን ታሪክ በቅደም ተከተል ለማስፈር ስሞክር አንድ ጥያቄ አላስኬድ አለኝ። ታይምና ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1990 ተዋሃዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1996 የተርነርን ኩባንያ ጠቀለሉ፤ በ2001 ከኢንተርኔት አቅራቢው ኤኦኤል ጋር አንድ ሆኑ፤ በ2009 የኬብል ሥርጭት ክፍሉም ኤኦኤልም ተነጥለው ወጡ፤ በ2018 የቀረውን የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ገዛው፤ በ2022 ደግሞ መልሶ ለቀቀውና ከዲስከቨሪ ጋር ተቀላቀለ። እስከ ቤት ድረስ የሚዘልቀው ሽቦ ባለቤትና በሽቦው የሚተላለፈው ፕሮግራም ባለቤት እንዲህ የሚጋቡትና የሚፋቱት ለምንድን ነው? ነገሩ የሥራ አስኪያጆች ምኞት ብቻ ነው ወይስ ከሥርጭቱ አሠራር የሚመነጭ ምክንያት አለው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ነባር ተከታታይ

ምኞት መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ እኔ እንደምረዳው የውህደቶቹ ሁሉ ሥር የዋጋ ድርድር ነው፤ ማን ለማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ መልስ በተለወጠ ቁጥር ኩባንያዎቹም ቅርጻቸውን ይለውጣሉ።

ኬብል በ1940ዎቹ መጨረሻ በፔንሲልቬንያና በኦሪገን ሲጀመር ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረውም። ተራራ የከለለው ከተማ የቴሌቪዥን ሞገድ ስለማይደርሰው ከፍታ ላይ አንቴና ይተከልና ከዚያ ወደየቤቱ ሽቦ ይወርድ ነበር። ባለ ሽቦው የሌሎችን ሥርጭት በነፃ ወስዶ የሚያስከፍለው ለማድረሱ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የየከተማው አስተዳደር በመሆኑና በአንድ ከተማ ሁለተኛ ሽቦ መዘርጋት ስለማያዋጣ፣ ኩባንያ ማደግ የሚችለው የጎረቤት ከተማውን ኩባንያ በመግዛት ነበር። የዛሬው ግዙፍ ኮምካስት በ1963 የተጀመረው በሚሲሲፒ ግዛት ቱፔሎ በተባለች ከተማ 1,200 ያህል ደንበኞች በነበሩት አንድ አነስተኛ ኬብል ነው።

ነገሩን የለወጠው ሳተላይት ነው። በ1972 ሥራ የጀመረው የክፍያ ቻናል ኤችቢኦ መጀመሪያ ሥርጭቱን በማይክሮዌቭ ከማማ ወደ ማማ እያቀበለ ይልክ ነበር፤ በ1975 ግን ሳተላይት ላይ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ቴድ ተርነር የአትላንታ ጣቢያውን በዚያው መንገድ በመላ አገሪቱ አሰራጨ። ከዚያ ወዲህ ቻናል ማቋቋም የሚፈልግ ሁሉ በሺዎች በሚቆጠሩ የኬብል መረቦች ላይ ቦታ ማግኘት ነበረበት። ይህን ቦታ ማንም እንደ ጆን ማሎን አልተጠቀመበትም። እሱ የሚመራው የኬብል ኩባንያ ቲሲአይ ቦታ ለሚሰጣቸው ቻናሎች ብዙ ጊዜ ምላሽ የሚጠይቀው የባለቤትነት ድርሻ ነበር። በ1987 ተርነር በፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም ግዢ ምክንያት ዕዳ ውስጥ በተዘፈቀ ጊዜ፣ ቲሲአይና ታይም ያሉበት የኬብል ኩባንያዎች ስብስብ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ አዳነው፤ ድርሻም ያዘ። እንግዲህ ባለ ሽቦዎቹ የፕሮግራም ባለቤት መሆን የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የ1996ቱ የታይም ዋርነርና የተርነር ውህደትም መነሻው እዚህ ላይ ይገኛል።

በጽሑፍዎ ሰፊ ቦታ እንዲሰጡት የምለምንዎ ግን የ1992ቱን የኬብል ሕግ ነው። ሕጉ በአየር ሞገድ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ኬብል ሥርጭታቸውን ከመውሰዱ በፊት ፈቃዳቸውን እንዲጠይቅ፣ እነሱም በምላሹ ክፍያ እንዲጠይቁ መብት ሰጠ። ትልልቆቹ የኬብል ኩባንያዎች «ጥሬ ገንዘብ አንከፍልም» ብለው ጸኑ። ጣቢያዎቹም በገንዘቡ ፈንታ ለአዲስ ቻናል ቦታ ተቀበሉ፤ የፎክስ ኤፍኤክስና የኤቢሲ ኢኤስፒኤን 2 ከዚህ ድርድር የተወለዱ ናቸው። ደንበኛው ያልጠየቃቸው ቻናሎች በጥቅሉ ውስጥ የተደራረቡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ዲዝኒ በ1996 ኤቢሲን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲጠቀልል የስፖርቱን ቻናል ኢኤስፒኤንንም አብሮ ስላገኘ፣ ከዚያ በኋላ ድርድር ላይ የሚቀርበው «ስፖርቱን ከፈለጋችሁ ሌሎቹንም ውሰዱ» እያለ ነው።

መልስ፦ የመስመር ሠራተኛ

ከላይ የተጻፈው የድርድሩ ታሪክ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመሬት ያየሁትን ልጨምር። በአሜሪካ ለ9 ዓመታት የኬብል መስመር ስዘረጋና ስጠግን ኖሬያለሁ። በመንገድ ዳር የሚተከለውን አረንጓዴ የመስመር ሣጥን ስከፍት ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ ሦስት የኩባንያ ስሞች አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፈው አገኝ ነበር። ስሙ ሁለት ጊዜ ቢለወጥም ከሥሩ የተቀበረው ሽቦ ያው የመጀመሪያው ነበር።

ውህደት በወረቀት ላይ በአንድ ቀን ያልቃል፤ መሬት ላይ ግን ዓመታት ይፈጃል። የአንዱ ከተማ መረብ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው መቀበያ ሣጥን ይለያያል፤ የሒሳብ መዝገቡም እንደዚያው። የምሠራበት ድርጅት የጎረቤቱን ኩባንያ ገዝቶ ሁለቱን መዝገቦች ሲያዋህድ ብዙ ደንበኞች ለአንድ ወር ሁለት ጊዜ እንዲከፍሉ ተጠየቁ። መስመር ልጠግን የገባሁባቸው ቤቶች ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን ይዘው ሲጠብቁኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ባይሆንም እጅግ አዝን ነበር።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የድሮው ሽቦ ምስል ወደ ቤት ብቻ እንዲያመጣ የተሠራ የአንድ አቅጣጫ መስመር መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ ዋናው መስመር በፋይበር ተተክቶ፣ በየምሰሶው ያሉት የሞገድ ማጉያዎችም በሁለት አቅጣጫ እንዲሠሩ ሲለወጡ በዚያው ሽቦ ኢንተርኔት ማስገባት ተቻለ። ወጪው በቢሊዮን የሚቆጠር በመሆኑ ብዙ ትንንሽ ባለቤቶች መሸጥን መረጡ።

መልስ፦ ዕዳና ትርፍ

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ስለ ፍቺው ግን የምጨምረው አለኝ። ኤኦኤል ደንበኞቹን የሚያገናኘው በስልክ መስመር ነበር፤ ኢንተርኔት ወደ ኬብል ሽቦ እንደሚዛወር ስላየ በወቅቱ እጅግ የተወደደውን አክሲዮኑን ይዞ ሽቦም ፕሮግራምም ያለውን ታይም ዋርነርን ጠቀለለ። የ2002 ኪሳራቸው ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ኤቲ ኤንድ ቲም በ1999 ቲሲአይን ገዝቶ፣ ጥቂት ሳይቆይ የኬብል ክፍሉን ለኮምካስት አስተላለፈ፤ ከዚያ በ2015 የሳተላይት ቴሌቪዥን አቅራቢውን ዳይሬክቲቪን፣ በ2018 ደግሞ መንግሥትን በፍርድ ቤት ረትቶ ታይም ዋርነርን ገዛ። ሁለቱንም ይዞ መቆየት አልቻለም።

በእኔ እምነት የስህተቱ ምንጭ አንድ ነው። የፕሮግራም ባለቤት የሆነ ባለ ሽቦ ፕሮግራሙን ለራሱ ደንበኞች ብቻ ቢይዘው ከሌሎች አከፋፋዮች የሚያገኘውን ክፍያ ያጣል፤ ለሁሉም ቢሸጠው ደግሞ ባለቤት በመሆኑ ከተፎካካሪው የተለየ ነገር አያገኝም። ከሁለቱ ወገን ማንኛውም የሚፈልገውን በውል ማግኘት ሲችል ለግዢው የተበደረው ዕዳ ግን በየዓመቱ ወለድ ይጠይቀዋል።

ጠያቂው፦ ተመራማሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የ1992ቱን ሕግ እንደ ዋዛ አልፌው ስለነበር ያንን ምዕራፍ እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ኮምካስት በ2011 አብላጫውን፣ በ2013 ቀሪውን ድርሻ የገዛውን የቴሌቪዥንና የፊልም ኩባንያ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን እንዴት ይዞ ቆየ?

መልስ፦ ነባር ተከታታይ

ኮምካስትን ያቆየው የኢንተርኔት ገቢው ይመስለኛል። በ2014 ታይም ዋርነር ኬብልን (በ2009 ተነጥሎ የወጣውን የኬብል ክፍል) ለመግዛት ሲስማማ ተቆጣጣሪዎቹን ይበልጥ ያሳሰባቸው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በፈጣን ኢንተርኔት ላይ የሚኖረው የበላይነት ነበር፤ በ2015 ስምምነቱን ትቶ ወጣ፤ በ2016 ያንኑ ኩባንያ ሌላው የኬብል ኩባንያ ቻርተር ገዛው። ሽቦው ዛሬ የሚያተርፈው በዋናነት ኢንተርኔት በመሸጥ ስለሆነ፣ ባለ ሽቦው ለቻናሎች የሚለምንበት ምክንያት ቀንሷል።

ለዚህ የ2023ቱን የቻርተርና የዲዝኒ ጠብ ይመልከቱ። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 11 ድረስ የዲዝኒ ቻናሎች ወደ 15 ሚሊዮን ከሚጠጉ የቻርተር ደንበኞች ስክሪን ጠፉ፤ ቻርተርም የቪዲዮ ሥራውን እስከ መተው ሊደርስ እንደሚችል በይፋ ተናገረ። በ1990ዎቹ አንድ የኬብል ኩባንያ እንዲህ ይላል ብሎ የሚገምት አልነበረም። የተስማሙት የሰኞ ምሽቱ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። በስምምነቱ በኢንተርኔት የሚታየው የዲዝኒ ፕላስ ማስታወቂያ ያለበት አገልግሎት በቻርተር ጥቅል ውስጥ ገባ፤ ፍሪፎርምና ኤፍኤክስኤክስን ጨምሮ ስምንት ቻናሎች ደግሞ ከጥቅሉ ወጡ። ኮምካስትም በኖቬምበር 2024 ኤንቢሲንና በኢንተርኔት የሚታየውን ፒኮክን አስቀርቶ፣ ሲኤንቢሲና ዩኤስኤን የመሳሰሉትን አብዛኞቹን የኬብል ቻናሎቹን ወደ ሌላ ኩባንያ እንደሚለያቸው አስታወቀ። ስለዚህ ጥያቄዎ በቆየበት ዘመን ላይ ሳይሆን አሁን መለየት በጀመረበት ጊዜ ላይ ቢያተኩር ጽሑፍዎ ይበልጥ ይጠነክራል ብዬ አምናለሁ።