ድንበር ደርሶ መመለሱ ከበደን፤ ታይላንድ ውስጥ ሆነን ወደ ጡረታ ቪዛ መቀየር እንችላለን?

ጥያቄ፦ ከሁዋ ሂን

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አሜሪካ ስንሠራ ኖረን ጡረታ የወጣን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን፤ ፓስፖርታችን የአሜሪካ ነው፤ ሁለታችንም 60 ዓመት አልፎናል። ሁዋ ሂን መኖር ከጀመርን ወዲህ ቪዛ አውጥተን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ያለ ቪዛ የሚሰጠው ጊዜ ከ30 ወደ 60 ቀን ከፍ ስላለ፣ ማኅተሙ ሊያልቅ ሲል ካምቦዲያ ድንበር ደርሰን እንመለስ ነበር። በ2025 በሁለቱ አገሮች ግጭት ምክንያት የየብስ መተላለፊያው ሲዘጋ ወደ ላኦስ ዞርን። ይህ ደግሞ ከባንኮክ ሌሊቱን በባቡር መጓዝ ነው፤ ባለቤቴ ጉልበቱን ስለሚያመው አይችለውም።

ባለፈው ስንመለስ መስኮቱ ላይ ያለችው መኮንን የባለቤቴን ፓስፖርት ገጽ በገጽ ገለጠች፣ ማኅተሞቹን በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች፣ ከዚያ “የሚኖሩት እዚህ ነው?” ብላ ጠየቀችው። አስገብታናለች፤ “በሚቀጥለው ቪዛ ይዛችሁ ኑ” ብላ ነው ግን። አሁን ያለን ጊዜ ከአንድ ወር ትንሽ ያልፋል።

ከአገር ሳንወጣ መቀየር ይቻላል? ለጡረታ ቪዛ በባንክ ይቀመጥ የሚባለው 800,000 ባህት ለእያንዳንዳችን ነው? የጡረታ ገቢያችን በወር ከ65,000 ባህት በላይ ነው፤ ነገር ግን የሚገባው አሜሪካ ባለው ባንካችን ስለሆነ እዚህ በካርድ እያወጣን ነው የምንጠቀመው። ይህ ይበቃል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ከቺያንግ ማይ

እኅቴ፣ አይዞሽ፤ መንገዱ አለ። ጊዜሽ ግን አጭር ነውና ዛሬውኑ ጀምሪ።

አስቀድሞ ድንበሩን እርሺው። ያለ ቪዛ በየብስ መግባት እ.ኤ.አ. ከ2016 ማብቂያ ጀምሮ በአንድ የፈረንጆች ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተፈቀደው። ሁለቱን ከጨረሳችሁ ሦስተኛው ላይ የመኮንኗ ደግነት አይጠቅማችሁም። በአውሮፕላን ብትገቡም ማኅተም ሲደራረብ መጠየቅ አይቀርም።

አገር ውስጥ ሆኖ መቀየር ይቻላል፤ ዕድሜ 50 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ “Non-Immigrant O” የሚባለው የ“ኦ” ምድብ ቪዛ ነው። ለማመልከት በማኅተምሽ ላይ ቢያንስ 15 ቀን መቅረት አለበት፤ ክፍያው 2,000 ባህት ነው። ሲፈቀድ 90 ቀን ይሰጥሻል። በዚያ 90 ቀን የመጨረሻው ወር ላይ በ1,900 ባህት የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ትጠይቂያለሽ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማደስ ነው፤ ድንበር መሄድ የለም። ሁሉም የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ይህን ቅየራ አይሠራምና ሰነድ ከማሰባሰብሽ በፊት በአካል ሄደሽ የሚፈልጉትን ዝርዝር ተቀበዪ። በዝርዝሩ ላይ ያለውን እንጂ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው የሚልሽን አትከተዪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በካርድ የምታወጡት ገንዘብ ለኢሚግሬሽን እንደ ገቢ አይቆጠርም። በገቢ መንገድ ለመሄድ 65,000 ባህት ወይም ከዚያ በላይ በየወሩ ከውጭ ወደ ታይላንድ ሂሳብ መግባቱን የሚያሳይ የ12 ወር መዝገብ ይጠየቃል። ቀድሞ ኤምባሲው የገቢ ማረጋገጫ ስለሚሰጥ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ግን ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ መስጠት አቁሟል። ስለዚህ ለአሁኑ ያላችሁ መንገድ የተቀማጭ ገንዘቡ ነው።

800,000 ባህቱ በአመልካቹ ስም ብቻ በተከፈተ ሂሳብ መቀመጥ አለበት፤ በጋራ ሂሳብ አይሆንም። ከውጭ ለመምጣቱም ባንኩ ማስረጃ መስጠት አለበት። ለዓመቱ ማራዘሚያ ከማመልከትሽ በፊት ሁለት ወር፣ ከተፈቀደልሽ በኋላ ሦስት ወር ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ እስከ 400,000 ድረስ ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በታች ግን አይወርድም። ለቀጣዩ እድሳት ሁለት ወር ሲቀረው እንደገና 800,000 ይሞላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃዱን እንዳገኘ ገንዘቡን ያወጣና በዓመቱ ሲመጣ የባንክ ደብተሩ ያጋልጠዋል።

መልስ፦ ከፓታያ

እኔ ይህን ሁሉ መከራ አላየሁም። ጉዳይ አስፈጻሚ ይዤ ፓስፖርቴን ሰጠሁ፣ ማኅተሙ ተመትቶ መጣልኝ። 800,000ውን ራሳቸው አስገብተው ራሳቸው አወጡት። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለደከመው ሰው ግን ዕረፍት ነው። እትዬ፣ ባለቤትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ያስቡበት።

መልስ፦ ከባንኮክ (ወላጆቼን የማግዝ)

ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ምክር እትዬ እንዳይቀበሉት እለምናለሁ። ወረፋ የሚይዝልዎት፣ ቅጽ የሚሞላልዎት ጉዳይ አስፈጻሚ ምንም ክፋት የለበትም። የሌላ ሰው ገንዘብ በስምዎ ገብቶ ሲወጣ ግን ለመንግሥት የቀረበው ማስረጃ ሐሰት ነው፤ በፊርማዎ ያቀረቡትም እርስዎ ነዎት። ነገ ሲመረመር ጉዳይ አስፈጻሚው ስልኩን ያጠፋል፤ ማኅተሙ ያለው እርስዎ ፓስፖርት ላይ ነው። ገንዘቡ የሌለው ሰው እንኳ ቢያደርገው ባዝን ነው፤ እርስዎ በቂ ገቢ እያለዎት ለምን ወደዚህ ይገባሉ?

ሁለቱም ሰው 800,000 ማስቀመጥ አይጠበቅባቸውም። አንዳችሁ ዋና አመልካች ከሆናችሁ ሌላው በትዳር ጓደኛነት ጥገኛ ሆኖ ማመልከት ይችላል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ከታይላንድ ውጭ የተሰጠ ስለሆነ መተርጎምና መረጋገጥ አለበት፤ ጊዜ የሚበላው ይህ ነውና ዛሬውኑ ያስጀምሩት። የጥገኛው ማመልከቻ የሚታየው የዋናው አመልካች ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ስለሆነ፣ ለጋሼ ያለቪዛ በገቡበት ማኅተም ላይ የ30 ቀን ማራዘሚያ በ1,900 ባህት እዚያው ሁዋ ሂን ይጠይቁላቸው። ያም ካልበቃ ከአገር ውጭ ካለ የታይላንድ ኤምባሲ የ“ኦ” ቪዛ ማውጣት ይችላሉ፤ ከጥር 2025 ወዲህ ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው።

ሌላው የባንክ ሂሳብ ነው። ያለቪዛ የገባን ሰው ብዙ ቅርንጫፎች ይመልሳሉ። ከኢሚግሬሽን የነዋሪነት ማረጋገጫ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱ ቢመልስዎት ሌላ ቅርንጫፍ ይሞክሩ። ማረጋገጫውን ለማግኘት ደግሞ አከራይዎ መኖርዎን ለኢሚግሬሽን ያሳወቀበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሕጉ አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ብዙ አከራዮች ግን አያደርጉትም። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ስለሆነ ነገ ጠዋት አከራይዎን ያነጋግሩ።

ለወላጆቼ ሳደርግ የረዳኝን ልንገርዎት። የባንክ ደብዳቤውና ደብተሩ በማመልከቻው ቀን የታደሱ ይሁኑ፤ ጠዋት ትንሽ ብር አስገብተው ወይም አውጥተው ደብተሩ ላይ ያስመዝግቡ። እያንዳንዱ ቅጂ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፈርሙ። የቤትዎን ካርታ በእጅ ስለው፣ በሩ ላይ ቆመው የተነሱትን ፎቶ ይያዙ። እናቴን የመለሷት በካርታው ምክንያት ነበር፤ ግቢው ውስጥ ወረቀት ለምነን ሣልንና በዚያው ቀን ተቀበሏት።

መልስ፦ ከቺያንግ ማይ

የባንኮኩ ልጄ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አሜሪካ ካለው ኤምባሲ የሚወጣ “ኦ-ኤ” የሚባል የጡረታ ቪዛ አለ፤ ያ ቢያንስ የ100,000 ዶላር ሽፋን ያለው የጤና መድን ይጠይቃል። አገር ውስጥ የሚቀየረው “ኦ” ይህን አይጠይቅም። በእኛ ዕድሜ መድን ድርጅቶች ነባር ሕመም አንሸፍንም ስለሚሉ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መድን አትግቡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሆስፒታል ሲገባ ዕዳው ከባድ ነው።

ይህን የሚያነቡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖችም ይወቁት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለ60 ቀን ያለ ቪዛ እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው 93 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። እናንተ አስቀድማችሁ ከኤምባሲ ቪዛ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልቤ ተመለሰ። በፓታያዋ እኅቴም አልተቀየምኩም፤ ያንን መንገድ ግን አንሄድበትም። አከራያችንን ዛሬ አነጋግሬዋለሁ፣ ነገ እንሄዳለን ብሎኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፤ በድንገት መሄድ ቢኖርብኝ ፈቃዱ ምን ይሆናል? ይህን ያህል ገንዘብ ማስገባትስ ግብር ያስከትላል?

መልስ፦ ከባንኮክ (ወላጆቼን የማግዝ)

እናትዎን እግዚአብሔር ያቆይልዎት። የዳግም መግቢያ ፈቃድ ሳይይዙ ከወጡ ፈቃድዎ ድንበሩን ሲሻገሩ ይሰረዛል፣ ከዜሮ ይጀምራሉ። ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባህት ነው። እናት በሩቅ ላለችው ሰው የብዙ ጊዜውን የዓመቱ ማራዘሚያ እንደተሰጠዎት እዚያው መጠየቅ ይሻላል። ሳይዙ ቢቀሩም በሱቫርናብሁሚ አየር ማረፊያ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በፊት የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ሰዓት ጨምረው ይሂዱ። ሲመለሱም ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት ይሙሉ፤ ከግንቦት 2025 ጀምሮ የወረቀቱ ቀርቷል።

በአገር ውስጥ ሲቆዩ በየ90 ቀኑ አድራሻ ማሳወቅ አለ። ከቀኑ 15 ቀን በፊት እስከ 7 ቀን በኋላ ድረስ ይቀበላሉ፤ ካለፈ 2,000 ባህት ቅጣት ነው። ከወጡና ከተመለሱ ቆጠራው ከገቡበት ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ግብሩን በተመለከተ፣ በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ከ2024 ጀምሮ ያገኘውን የውጭ ገቢ ወደ ታይላንድ ሲያስገባ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። ከዚያ በፊት ያጠራቀሙት ግን አይነካም። ስለዚህ 800,000ውን ከድሮ ቁጠባዎ ይላኩ፤ የዚያን ሂሳብ የታህሳስ 31፣ 2023 ቀሪ ገንዘብ የሚያሳይ መግለጫም ከአሜሪካ ባንክዎ አስወጥተው ከፓስፖርቱ ቅጂ ጋር ያስቀምጡት። ስለ ጡረታው የግብር ባለሙያ ያነጋግሩ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የግብር ስምምነት አለ።