ከስሊቭ በኋላ መቆነጣጠር ተመለሰ፤ በጾም የቀኑ 60 ግራም ፕሮቲን በምን ይሞላ?

ሰላም ለሁላችሁ። ስሊቭ፣ ማለትም ጨጓራን ቆርጦ እንደ ቱቦ የሚያጠበው ቀዶ ጥገና፣ ከተሠራልኝ 20 ወር ሆኖታል። ክብደቴ ከ118 ኪሎ ወደ 79 ወርዶ አሁን 85 ገብቷል።

ምሳ ላይ ችግር የለም። መቆነጣጠሩ፣ ማለትም ትንሽ ትንሽ እያነሱ ሳያቋርጡ መብላቱ፣ ያለው ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ቡና ሲፈላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲገባ ወደ 24 ግራም ይሆናል። ዳቦ ቆሎውም ደረቅ ሆኖ አያጠግብም፤ በቡና ርሶ ሾልኮ ይወርዳል፣ እጅም መልሶ ሳህኑ ውስጥ ነው። በወጥ የራሰ ፍትፍትም ያው ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስርባል።

አሁን ደግሞ ጾም ገባ፤ እንቁላልና እርጎ ቀሩ። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢሰጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ጨጓራው አይቀበልም። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በአንዴ መብላት ደግሞ ያስመልሳል።

የተሞከረው፦ ምስሩን አስቀድሞ እንጀራውን መዳፍ በማታህል ቁራሽ መወሰን፣ ውኃ ከምግብ 30 ደቂቃ በኋላ መጠጣት። ለምሳ ሠርቷል፤ ለቡናው ሰዓት ግን አልሆነም።

ሽሮ ላይ የአኩሪ አተር ዱቄት የምትቀላቅሉ፣ ጣዕሙ ሳይበላሽ ለአንድ ኩባያ ሽሮ ስንት ማንኪያ ታደርጋላችሁ? ቡና ላይስ በዳቦ ቆሎው ፈንታ ምን ታቀርባላችሁ? "አምስት ቀን ፈሳሽ ብቻ" የሚለውን ምክር ግን ተዉት፤ ፈሳሽ ከሁሉም ፈጥኖ ያልፋል።