ድሬዳዋ፣ የበጋ ወባ፦ በርሜልና ሮቶ ላይ ቴሜፎስ ስንት ግራም? አር ዲ ቲ ነጌቲቭ ሲልስ?

የቀበሌ ጤና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን የምሠራ ነኝ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ብቻ በቀረበት ወር ከከተማው መሀል ካሉ ግቢዎች የወባ ታማሚ ይመጣል። እኛ የሠለጠንነው ከክረምት በኋላ ለሚመጣው ወባ ነው፤ ኩሬ መድፈን፣ ረግረግ ማፋሰስ። እዚህ የሚደፈን ኩሬ የለም። ያለው ውሃ፣ ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ያጠራቀመው ነው፦ በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሮቶ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ደግሞ ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ።

ሦስት ነገር በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። በርሜል ውስጥ የማየው እጭ የወባ ትንኝ ይሁን የሌላ በምን እለየዋለሁ? ሰው የሚጠጣው ውሃ ላይ ቴሜፎስ (እጭ ገዳዩ ኬሚካል) የሚጨመረው ስንት ግራም ነው? ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው አር ዲ ቲው (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት) ነጌቲቭ ሲወጣስ «ወባ አይደለም» ብዬ መሸኘት እችላለሁ?

እጭ ቆጣሪ

እህቴ፣ የገለጽሽው ነገር በሙሉ የሚያመለክተው አኖፌለስ ስቴፈንሲን ነው። መነሻው እስያ የሆነ የወባ ትንኝ ዝርያ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጅቡቲ ላይ ነው፤ እኛ ጋ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘ። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ታማሚ ነበራት፤ በ2022 የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ2,400 አለፈ። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ያንን ወረርሽኝ ሲያጠኑ ከያዙት ትንኝ እጅግ የሚበዛው ይኸው ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። ዝናብ አይጠብቅም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕና የቆመ ውሃ ነው፣ ያንን ደግሞ ከተማው ራሱ አጠራቅሞለታል።

አሁን ወደ መለየቱ። ነጭ ጭልፋ ወይም ነጭ ሳህን ያዢ። ወደ በርሜሉ ስትጠጊ ጥላሽ ውሃው ላይ እንዳያርፍ፤ የስቴፈንሲ እጭ ጥላ ካየ ወይም ውሃው ከተነቃነቀ ወደ ታች ይጠልቃል፣ ቶሎም አይመለስም። ብዙ ጊዜ «ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚታለፈው በርሜል እንዲህ የታለፈ ነው። ከጠለቀብሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ከዚያ ጭልፋውን አዘንብለሽ ከጠርዙ ቅጂ። የወባ ትንኝ እጭ ጅራቱ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል። የደንጊና የቺኩንጉንያ አስተላላፊው ኤደስና የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚወደው ኩሌክስ ግን በቱቧቸው ተሰቅለው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ያንጠለጥላሉ። ነጠላ ሰረዝ መስሎ የሚገላበጥ ነገር ካየሽ እሱ ፑፓ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በራሪ ትንኝ ይሆናል። ፑፓ ስለማይበላ ቴሜፎስ ላይገድለው ይችላል። ስለዚህ ፑፓ ያለበት በርሜል መጀመሪያ ይደፋል ወይም በወንፊት ይጠለላል፣ ኬሚካሉ ከዚያ ይጨመራል።

አንድ በርሜል ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት እጭ ማግኘት የተለመደ ነው። ድሬዳዋ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ያየችው በእነዚሁ በርሜሎች ነው። ለነዋሪው ስትነግሪ «ለወባ» ብቻ አትበይ፤ ቺኩንጉንያ ጉልበቱን የያዘው ሰው ከወባው ይልቅ ያንን ያስታውሳል።

መጠኑ። ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን በሊትር 1 ሚሊግራም ቴሜፎስ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው 1 በመቶ የሆነው አሸዋ መሳይ ፍሬ ከሆነ፣ ለ100 ሊትር 10 ግራም ማለት ነው። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 20 ግራም፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 100 ግራም ይወስዳል። የሲሚንቶ ገንዳ ከሆነ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀቱን በሜትር አባዢና በ1,000 ምቺው፤ 2 በ1.5 በ1.2 ሜትር የሆነ ገንዳ 3,600 ሊትር ይይዛል፣ ስለዚህ 360 ግራም። የሚሰላው ዕቃው ሲሞላ በሚይዘው ልክ ነው፣ በዕለቱ ባለው ውሃ አይደለም። ግማሽ በርሜል አይተሽ 10 ግራም ጨምረሽ ብትሄጂ ማታ ውሃ መጥቶ ሲሞላ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል፤ እጭን ሳይገድል የሚያለማምድ መጠን የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን በመቶኛ ሳታነቢም አትጀምሪ፤ ፈሳሹ 50 በመቶ የሆነ ዓይነት አለ፣ እሱ ለበርሜል አይደለም።

«አንድ ማንኪያ» የሚባል መለኪያ አይሠራም። በሱቅ ሚዛን 20 ግራም መዝኑና ትንሽ ኩባያ ውስጥ ጨምራችሁ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቡድኑ በሙሉ በዚያው ይጠቀም። ፍሬውን ዝም ብላችሁ ከመበተን በቀጭን ጨርቅ ቋጥራችሁ በርሜሉ ውስጥ ብታንጠለጥሉት ይሻላል፤ ውሃው ሲቀዳ አብሮ አይወጣም፣ በርሜሉ ሲታጠብም ቋጠሮው ወጥቶ ይመለሳል። ውሃው በየቀኑ በማይቀያየርበት ዕቃ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ በየቀኑ ተቀድቶ የሚሞላ በርሜል ላይ ግን ቶሎ ይደክማል፣ በየወሩ በጭልፋ አረጋግጡ። ጓንት አድርጉ፣ የቀረውን ከምግብና ከልጅ አርቁ። ሽታውን ጠልተው የሚደፉ እናቶች አሉ፤ ከመጨመራችሁ በፊት ካልነገራችኋቸው ቋጠሮው ማታውኑ ቆሻሻ ላይ ነው።

አሁንም እየሠራ መሆኑን ማየት ከባድ አይደለም። ከታከመው በርሜል ውሃ ቅዱ፣ ያልታከመ ቦታ የተገኘ 25 ያደገ እጭ ጨምሩበት፣ በሌላ ዕቃ ደግሞ ያልታከመ ውሃ ላይ ሌላ 25። ከ24 ሰዓት በኋላ ቁጠሩ። በታከመው ውስጥ በሕይወት የሚገኝ ካለ መጀመሪያ የምትጠራጠሩት መጠኑን ነው፤ በትክክለኛ መጠን ተደግሞም ከቀረ ለከተማ አስተዳደሩ ጤና ቢሮ አሳውቁ።

ኬሚካል በሌለበት ግቢ ሥራው ቀን መቁጠር ነው። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይበቃል፣ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መድፋትና ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል። የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ስለሚቆይ ደፍቶ ብቻ መሙላት አይበቃም። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ የሚደፋው ፈረቃው ሊደርስ ሲል ነው፤ «ውሃ ድፉ» ብቻ ብትሉ ማንም አይሰማም፣ እውነትም አላቸው።

ክዳንም ቢሆን እንደ አከዳደኑ ነው። በርሜል ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ያ ለትንኝ በር ነው፤ ውስጡ ጨለማ ስለሚሆንም ይስማማታል። አቡጀዲ ወይም ያረጀ አጎበር አጥብቆ ወጥሮ በከመነዳሪ ጎማ ማሰር ይሻላል። ጨርቁ ከረገበና ውሃውን ከነካ ግን ዋጋ የለውም። ሮቶ ላይ ክዳኑ ጥሩ ሆኖ የሚረሳው የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሽቦ ይታሰርበት።

ስሚር አንባቢ

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ። አይ፣ በአር ዲ ቲ ነጌቲቭ ብቻ አትሸኚው።

ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረምን (ፒኤፍ፣ አደገኛውን የወባ ተውሳክ) የሚያገኙት ኤች አር ፒ 2 የሚባለውን ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን የጠፋባቸው ጥገኛ ተውሳኮች አገራችን ውስጥ ተገኝተዋል፤ በ2022ቱ የድሬ ወረርሽኝ ጥናት ውስጥም አሉ። ሰውየው ደሙ ውስጥ ፒኤፍ ሞልቶ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። መጀመሪያ የኪታችሁ ሳጥን ላይ ምን እንደሚያይ አንብቡ፤ ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ የተውሳኩ ፕሮቲን የሚያየው ዓይነት በዚህ ጉዳይ አይሸወድም፣ ትንሽ ተውሳክ ሲሆን ግን ደካማ ነው።

ስለዚህ ምልክት ያለው፣ ኪቱ ነጌቲቭ ያለው ሰው ወደ ማይክሮስኮፕ ይላክ። እዚያም «ነጌቲቭ» ለማለት ወፍራም ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክፍል) መታየት አለበት። ማቅለሚያው ጊምሳ 10 በመቶ ከሆነ 10 ደቂቃ፣ 3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ የማቅጠኛው ውሃ ፒኤች 7.2። የቧንቧ ውሃ የተጠቀመ ላብራቶሪ ቀለሙ ይበላሽበትና ዓይነቱን መለየት ያቅተዋል። የመጀመሪያው ነጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ይደገም።

የድሬ ሙቀትም አለ። ኪቱ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፤ አብዛኛው ገደብ 30 ወይም 40 ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጤና ኬላ ውስጥ ቀን ላይ ይህ ይታለፋል። ፖስታው ሊሠራ ሲል ብቻ ይከፈት፣ ንባቡም መመሪያው ባለው ደቂቃ። ሌላው ደግሞ፣ ታክሞ የዳነ ሰው በኤች አር ፒ 2 ኪት ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል መዳኑን በኪት አታረጋግጡ።

ጤና መኮንን

ከላይ ባሉት ላይ ሕክምናውን ልጨምር፣ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህም ስለሆነ።

ያልተወሳሰበ ፒኤፍ ከሆነ ኮአርተም (አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ያለበት ክኒን) ለሦስት ቀን፤ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ፣ ሁለተኛው ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በድምሩ 24 ፍሬ። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሉሜፋንትሪኑ በደንብ አይገባም። ታማሚ ምግብ ስለሚጠላ ባዶ ሆዱን ይውጠዋል፣ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚባለውም ከዚያ ይመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገም። በ2022ቱ የድሬ ጥናት ውስጥ አርቴሚሲኒንን (የአርቴሜተርን ወገን) ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ለውጥም ታይቷል፣ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያለበት ሰው ተመልሶ ስሚር ይሠራለት።

ከኮአርተሙ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ፕሪማኩዊን፣ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም። ለ60 ኪሎ ሰው 15 ሚሊግራም ነው። ይህ በሽተኛውን ለማዳን የሚሰጥ አይደለም፤ ወደ ትንኝ የሚሻገረውን ተውሳክ ይገድላል፣ ማለትም የጎረቤት መድኃኒት ነው። በርሜል በሞላበት ግቢ ይህን መዝለል ጉዳቱ ትልቅ ነው። ለእርጉዝ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃንና እንዲህ ያለ ሕፃን ለምታጠባ እናት አይሰጥም።

ፒቪ (ቪቫክስ፣ ሌላው የወባ ተውሳክ) ከሆነ ክሎሮኩዊን ሦስት ቀን፣ በኪሎ 10፣ 10፣ ከዚያ 5 ሚሊግራም፤ ጉበት ውስጥ ለተደበቀው ደግሞ ፕሪማኩዊን 14 ቀን። ሦስተኛው ቀን ላይ ደህና ስለሚሆን ብዙ ሰው ያቋርጠዋል፣ ከወራት በኋላም «አዲስ ወባ» ተብሎ ይመዘገባል። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ፕሪማኩዊኑን አቁሞ ዛሬውኑ ይምጣ።

እንደሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጠው፣ መጠጣት ያቃተው፣ የሚቃዥ ሰው ኪት አይጠብቅም፤ ወደ ሆስፒታል።

ገንደቆሬ

በየመንገዱ የጭስ ርጭት ቢደረግስ? አጎበርም ተሰጥቶናል፣ ለምን በርሜል ለበርሜል እንለፋለን?

እጭ ቆጣሪ

የጭስ ርጭት በዚያ ሰዓት የሚበረውን ይገድላል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ነገ ይተካዋል። ስቴፈንሲ በእነዚህ አካባቢዎች በተለመዱት የፓይሬትሮይድ ፀረ-ትንኝ መድኃኒቶች በቀላሉ እንደማይሞትም ታውቋል። አጎበር ይጠቅማል፣ አትተዉት፤ ነገር ግን ይህች ትንኝ ከብትና ፍየልም ትነክሳለች፣ በረት ውስጥና ዕቃ ሥር ታርፋለች፣ ሰው ሳይተኛም ትጀምራለች። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ እስኪበርድ ሰው በረንዳና ደጅ ላይ ያመሻል። ውጭ የሚተኛም አጎበሩን ውጭ ይስቀል።

ውጤቱን በሳምንት አትለኩ። ዛሬ እጩ ቢጠፋ እንኳ የበረረችው ትንኝ ሳምንታት ትኖራለች፣ ተውሳኩ ውስጧ ለመብሰል አሥር ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ ሰው ላይ ምልክቱ እስኪወጣ ሌላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። ታማሚ ሲቀንስ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ባለመውረዱ ሥራውን ያቆመ ቀበሌ ልፋቱን አባከነ። ከታማሚ ይልቅ በየሳምንቱ እጭ የተገኘበትን በርሜል ቁጠሩ፤ ያ ቶሎ ይናገራል።

የቀበሌ ጤና (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የቀረኝ የግንባታው ጉድጓድ ነው። ባለቤቱ አይገኝም፣ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። ማንን ነው የምይዘው?

እጭ ቆጣሪ

ጥበቃውን። ውሃውን የሚያየው እሱ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ለማጠጣት ውሃ የሚያቆሙ ሁለት ጉድጓዶች ካሏቸው አንዱ ሲያገለግል ሌላው እስከ ላስቲኩ እጥፋት ድረስ ይድረቅ፣ በሳምንቱ ይቀያየሩ። ጉድጓዱ አንድ ብቻ ከሆነ ቴሜፎስ በዚያው በሊትር 1 ሚሊግራም ስሌት፣ ወይም ቢቲአይ (እጭ ገዳይ ባክቴሪያ) ካላችሁ በፓኬቱ መጠን። የተቃጠለ ዘይት አፍስሱ የሚላችሁ ይኖራል፤ ሠራተኛው ከዚያው ውሃ ፊቱን ስለሚታጠብ አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ሥራው የቆመበት ግንባታ ነው። ውሃ የሚቀዳ ሰው የለም፣ ላስቲኩ ግን ይዞ ይቆያል። እዚያ ከባለቤቱ ወይም ከቀበሌው ፈቃድ ወስደሽ ላስቲኩን በሦስት አራት ቦታ ቀደሽ ጉድጓዱን በአፈር ሙይው።